የእህቱን ግድግዳ አበሰበሰ የተባለው ሰው

ቅርፊቴ የገዛ እህቱን ቤት በጨው አበሰበሰው ይባላል። ሰፈሩ ይህን ወሬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ማስቲካ ሲያኝከው ኖሯል። ሲጀመር «ግድግዳው ላይ የሞላው ማስቲሽ ውስጥ ጨው ቀላቀለበት» ነበር። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ጨው ኮምጣጤ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ኮምጣጤው፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ የራሱ የቅርፊቴ ሽንት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን የጠየቀ እንደሆነ መልሱ ዝግጁ ነው። ምቀኝነት! እህትየው ታናሹን አብልጣ ስለወደደች፣ ታላቁ አንጀቱ አርሮ ቤቷን ከነነፍሱ ቀበረው።

እንግዲህ ጨው አልነበረም። ኮምጣጤም አልነበረም። ሦስተኛውንማ ተዉት፤ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ የፈጠረው ነው፤ ደንበኛው እንዳይሰለች ብሎ። ግድግዳው ግን በስብሷል። ይህ እውነት ነው። ወሬ እንደሆነ አንድ እግሩ እውነት ላይ ካልቆመ መንገዱን አይዘልቅም። ጥያቄው ማን አበሰበሰው ነው፤ ይህንን ደግሞ ባለቤቱ ቅርፊቴ ራሱ ያወቀው ወሬው አሥራ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

ማስቲሽ ማለት በጣውላና በጣውላ፣ በመስኮትና በግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ዝናብና ንፋስ እንዳይገባበት የሚደፍኑበት ነገር ነው። ሲሞላ ሊጥ ነው፤ ሲሰነብት ጎማ ይሆናል፤ ሲያረጅ ድንጋይ። «ልክ እንደ ባል» ይላሉ የሰፈሩ ሚስቶች። ግድግዳቸው በጣውላ በተለበጠ ቤቶች መንገድ ላይ ማስቲሽ የሚሞላ ሰው ሞልቷል። ያረጀውንና የደደረውን ከእንጨቱ ላይ የሚያነሳ ግን አንድ ለመድኃኒት አይገኝም፤ ጣት ይጨርሳል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ሲያልቅ ደግሞ ምንም የተሠራ አይመስልም። ብዙው ሰው አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቦ ይሄዳል። ቅርፊቴ ይህን «ሳይታጠቡ ሽቶ መቀባት» ይለዋል። እሱ ያነሳል፤ ቅርፊቴ መባሉም ከዚያ ነው።

ሕግ አለው። ጣውላዎቹ በግድግዳው ላይ ሲደረደሩ የላይኛው የታችኛውን ጠርዝ ደረብ አድርጎ ነው። ቁም የሆነውን መጋጠሚያ ሁሉ ይደፍናል። የመስኮትና የበር ዙሪያ፣ የቤቱን ማዕዘን ሁሉ ይደፍናል። የላይኛው ጣውላ ከንፈር ታችኛውን የሚነካበትን፣ ከሥር ያለውን ቀጭን ክፍተት ግን ቢገድሉት አይነካም። «ውሃ መግቢያ አይስጡት፤ አንዴ ከገባ ግን መውጫ አይንሱት» ነበር ያስተማራቸውን ሁሉ የሚያስደግማቸው። የግድግዳ ትንፋሹ እሱ ነው። ያንን የደፈነ ግድግዳውን በቁሙ ገነዘው ማለት ነው።

እናታቸው ስትሞት ቅርፊቴ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ታናሹ አራት፣ እህታቸው አሥራ ሰባት። እህትየዋን እታለም ይሏታል። ቀን ልብስ ቤት ስትተኩስ ውላ ማታ እነሱን የምታጥበው እሷ ነበረች። ሁለቱን አሳድጋ፣ ሁለቱንም ለወግ አብቅታለች፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ብቻ አንድ ልማድ ነበራት። አንድ እንቁላል ሲኖር ለታናሹ ትሰጥና ወደ ቅርፊቴ ዞራ «አንተ ትችለዋለህ» ትላለች። አንድ ብርድ ልብስ ሲኖርም እንደዚሁ። ታናሹ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ቅርፊቴ ከሚሠራበት አናጢ ቤት ሾልኮ ገብቶ መጋዝ ነካ፤ የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ጫፍ ከነጥፍሩ መሬት ወደቀ። ጥፊውን የቀመሰው ቅርፊቴ ነው። «ዓይንህ የት ነበር?» ተባለ። ጣቱን ያጠበ፣ ያሰረ፣ አርባ ቀን ሙሉ ጨርቁን የቀየረም እሱ ነው። ታናሹ ከዚያ ወዲህ «ዘጠኝ ተኩል» ተብሎ ቀረ፤ ስሙን እንደ ማዕረግ ለምዶት በኋላ የከፈተው የቀለምና የሚስማር ሱቅ በር ላይ እንኳ አጽፎታል።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ቅርፊቴ የእታለምን ቤት ዙሪያውን አሮጌውን አንስቶ አዲስ ማስቲሽ ሞላላት። ከሞላው ሁሉ የተጠነቀቀበት ሥራ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የሰሜኑ ግድግዳ፣ በወጥ ቤቱ በኩል፣ ጣት ቢጭኑበት እንደ ኬክ የሚሰረጎድ ሆነ። እታለም በረንዳዋ ላይ ቆመች፤ ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። «በገዛ እጁ ቤቴን አበሰበሰው! ከዛሬ ጀምሮ እግሩ ደጄን አይረግጥም!» አለች። የሞቱት አራት ጣውላዎች ተቀየሩ፣ ሌላው በቀለም ተሸፈነ፤ ቅርፊቴም መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

አልተከራከረም። እንዴት ይከራከራል? ግድግዳው በስብሷል፤ የሠራው እሱ ነው። ግድግዳውን ቀርቦ እንዳያይ ተከልክሏል። ስለዚህ ያየው እጁን ነው። አውቶቡስ ሲጠብቅም ጫማ ሲያስርም ያንን ሥራ ከአንደኛው ማዕዘን ጀምሮ በሐሳቡ ይደግመዋል። እዚህ ጋ ጨርቁን በደንብ አልጨመቅኩት ይሆን? እዚያ ጋ እንጨቱ ሳይደርቅ ሞልቼ ይሆን? የሠራቸውን ሌሎች ቤቶች እየዞረ እንደ ሌባ አጮልቆ አይቷል። አንድም የበሰበሰ የለም። ይህ ግን አላጽናናውም። ሰው ቤት ሠላሳ ጊዜ ተሳክቶልህ የራስህ እህት ቤት አንዴ ከወደቅህ የምትቆጥረው አንዷን ነው።

ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው አልተለየውም፤ ዘጠኝ ተኩል። በየወሩ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ከጎማ ጥገናው ጀርባ ወዳለችው የቅርፊቴ ክፍል ይመጣል። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና «አይዞህ ወንድምዬ፣ ቀስ ብዬ አለሳልሳታለሁ። የሴት ሆድ ነው፤ ትንሽ ጊዜ ስጣት» ይለዋል። ቅርፊቴ ብርቱካኑን እየላጠ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። በዓለም ላይ የቀረው ጠበቃ እሱ ብቻ ነበራ!

አንድ ቀን ጠዋት ግን የመጣችው የእታለም ልጅ ናት። መምህርት ናት፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ልታገባ ነው። አባቷ በሕይወት ስለሌለ በአባት ቦታ ቆሞ የሚድራት ዘጠኝ ተኩል እንደሆነ ቅርፊቴ ሰምቷል። እሱ ራሱ ከተጠሩት ውስጥ እንደሌለም ሰምቷል። ሰፈሩ እንዲህ ያለውን አያስቀርበትም።

«አጎቴ፣ ሥራ አለ» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«የማን ቤት?»

«የኛ።»

ቢላዋ መሳሉን አቆመ። «እናትሽ ታውቃለች?»

«ቤቱ ለሰርጉ ቀለም ሊቀባ ነው። ቀለም ቀቢዋ ግን ‹ይሄ የደደረ ማስቲሽ ሳይነሳ ብሩሼን አልነክርም› ብላ ወገቧን ይዛ ቆመች። እማዬ ሦስት ሰው አስመጣች። ሦስቱም አንዳንድ ጥግ ልጠው ጠፉ። ከዚያ ቀለም ቀቢዋ ‹ይሄን የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱንም ታውቁታላችሁ› አለች።»

«እናትሽስ?»

«ዝም አለች።»

«ምን ዓይነት ዝም?»

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። «እምቢ ያላለ ዝም።»

ቅርፊቴ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። እምቢ ያላለ ዝምታ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያገኘው ትልቁ ስጦታ ነው። የሚፈልገው ሰርግ አልነበረም፤ ወንበርም አልነበረም። ከእህቱ አፍ «ግባ» የምትል ቃል ብቻ ነበረች። አምስት ቀን ከግድግዳዋ ሥር ከሰነበትኩ፣ እጄን ካየች፣ ትለኝ ይሆናል አለ በልቡ።

ቀለም ቀቢዋ አጥሩ በር ላይ ጠበቀችው። ረጅም ናት፤ ምላሷ ደግሞ ከሷ ይረዝማል።

«ጋሼ፣ ጨውዎን ይዘው መጡ?»

«ለዛሬ ኮምጣጤ ብቻ ነው የያዝኩት» አላት።

«እሰይ! ሦስተኛውን ደግሞ እዚሁ ያመርቱታል።»

ሳቀ። አሥራ አንድ ዓመት በተደገሰለት ወሬ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

ሥራውን ከምሥራቁ ግድግዳ ጀመረ። መጀመሪያ በጥፍሩ ይሞክረዋል፤ ጥፍር ከገባ በእጅ ይወጣል፤ ካልገባ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቅ አየር የሚተፋውን ማሽን ስንዝር አርቆ ያንሸራሽረዋል፤ ቀለሙ እንዳያብጥ፣ ማስቲሹ ግን እንዲያልበው። ከዚያ ቢላዋውን በአንደኛው ጠርዝ፣ ከዚያ በሌላው፣ ስለቱን ወደ ማስቲሹ እንጂ ወደ እንጨቱ ሳያዞር ይሰነጥቀዋል። ጫፉን በጉጠት ይይዝና ይስባል፤ ሳይቸኩል፣ ከልጅ እግር እሾህ እንደሚያወጣ ሰው። ደግ ቀን ከሆነ ክንድ የሚያህል በአንዴ ይወጣል፤ ክፉ ቀን ከሆነ ጥፍር የሚያህል። የቀረውን በዶልዳማ መሮ ይፍቀዋል፣ በብሩሽ ያራግፈዋል፣ በነዳጅ በራሰ ጨርቅ ይጠርገዋል። ቀለም ቀቢዋ መሰላሏ ላይ ሆና ታየዋለች። «እኔ በእንዲህ ያለ ፍጥነት ብቀባ ሙሽራዋ በልጅ ልጆቿ ሰርግ ነው ቤቱ የሚያልቅላት» ትላለች። ነገር ግን እሱ የጨረሰበትን ጣውላ በመዳፏ ደጋግማ ታብሰዋለች።

በመጀመሪያው ቀን የመስኮቱ መጋረጃ ሁለቴ ተነቃነቀ። ከሰዓት በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ተገኘ፤ ማን እንዳስቀመጠው አልታየም። በሁለተኛው ቀን በውሃው ምትክ ሻይ መጣ። ቀመሰው። ሦስት ማንኪያ ስኳር። በዓለም ላይ እሱ ሻይ በሦስት ማንኪያ እንደሚጠጣ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ።

«ስኳር አነሰው?» አለች ቀለም ቀቢዋ።

«ልክ ነው» አላት። «ልክክ ያለ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ዞረ። ቁም መጋጠሚያዎቹን አንድ ባንድ አየ፤ የራሱ ሥራ ናቸው፤ ጠንካሮች ናቸው። ማዕዘኑን አየ፤ ደህና ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከጣውላው ከንፈር ሥር ከተተ። የሚገባበት አልነበረም።

መጀመሪያ ቀለም የጠነከረበት መሰለው። በቢላዋ ጫፍ ነካ አደረገው፤ እንደ ጥርስ ቀጭ አለ። ቀጣዩን ጣውላ ነካ። እሱም። ከሱ በላይ ያለውንም። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከሥር ያለው ክፍተት ሁሉ በማስቲሽ ተደፍኗል።

«ምነው ጋሼ፣ እባብ አዩ እንዴ?» አለች ቀለም ቀቢዋ ከላይ።

«ነይ እስቲ እይ።»

ወርዳ ጎነበሰች። አፏን በእጇ ያዘች። «ማነው ይሄን ግድግዳ አፍና አፍንጫውን የሰፋው? ይሄ እኮ መታፈን ነው! ወይኔ... እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው?»

«ይቅር ይበሉኝ። እኔንስ ያስተማረኝ እርስዎ ያስተማሩት ሰው አይደል? ‹ከሥር የነካ እጁን ይቆረጥ› እያለ ነው ያሳደገን።»

ቅርፊቴ ሙቀት ሰጠው፤ ሰነጠቀው፤ ሳበው። ማስቲሹ ሲላቀቅ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ አለ፤ ለዓመታት እዚያው ታፍኖ የኖረ ውሃ። ከኋላው ያለው እንጨት ጠቁሮ እንደ ረጠበ ብስኩት ይፈረፈራል። አሥራ አንድ ዓመት የፈለገው መልስ ይኸው ነበር፤ ስፋቱ ጣት አይሞላም። ጨርቁም ደህና ተጨምቆ ነበር። እንጨቱም ደርቆ ነበር። እጁ አልበደለም። ደስ ሊለው ሲል፣ በእጁ የያዘው የማስቲሽ ርዝራዥ ላይ ዓይኑ አረፈ።

ቅርፊቴ ማስቲሽ ሞልቶ ሲያለሰልስ በውሃ በነከረው የእንጨት ማንኪያ እጀታ ነው። ፈለጉ እንደ ቦይ አንድ ወጥ ነው። ይሄኛው ግን በጣት የተስተካከለ ነው። እንደዚያ የሚያደርግ ሞልቷል። ነገር ግን ጣት ሲሆን ጥፍሩ በዳሩ ላይ ቀጭን መስመር ይተዋል። በዚህ ላይ የጥፍር መስመር የለም። ጣቱ ባረፈበት ባረፈበት ድንብልብል ያለ፣ ዱልዱም የሆነ ጠባሳ ብቻ አለ። ማስቲሽ ሲደርቅ የነካውን ጣት አይረሳም። ቅርፊቴም ያንን ጣት አይረሳም፤ አርባ ቀን ጨርቅ ቀይሮለታል።

ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት። ብርቱካኑ ነው መጀመሪያ ትዝ ያለው። በየወሩ፣ በፌስታል። «ቀስ ብዬ አለሳልሳታለሁ።»

ቀትር ላይ ዘጠኝ ተኩል ራሱ መጣ፤ ሥራውን ለማየት፣ ጫማው እንደ መስታወት እያበራ። «ወንድምዬ! እጅህ እኮ አሁንም ምላጭ ነው! ለእታለም ነግሬያታለሁ፣ አሁን እየለዘበች ነው፣ ትንሽ...»

ቅርፊቴ ርዝራዡን እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥሎ አሳየው። «ይሄ የማን ጣት ነው?»

ዘጠኝ ተኩል ርዝራዡን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ ቀለም ቀቢዋን። «እስቲ ሴትየዋ ፈቀቅ ትበልልን።»

«አልችልም፣ ቀለሜ ይደርቅብኛል» አለች እሷ። አንድም ቆርቆሮ አልከፈተችም።

«ልጅ ነበርኩ፣ ወንድምዬ።»

«በሠላሳ አንድ ዓመት?»

«አንተ ከሄድክ በኋላ ንፋስ ይገባብኛል አለች። ጉንዳን ይገባብኛል አለች። ‹ያ ወንድምህ ከሥር ከሥሩ ሳይሞላ ለግሞ ሄደ፤ ና ጨርስልኝ› አለችኝ። ጨረስኩላት። ለበጎ ነበር።»

«ሕጉን አስተምሬህ የለም?»

«ለመናገር አፈርኩ። የማላውቅ እንዳይመስላት...»

«እሺ። ሲበሰብስስ? በረንዳው ላይ ቆማ ስትረግመኝ አንተ የት ነበርክ?»

ዘጠኝ ተኩል የሚያበራ ጫማውን አየ። «አጠገቧ።»

ቀለም ቀቢዋ ብሩሿን መሬት ጣለችው።

«ልናገር ነበር» አለ ታናሽየው፣ ድምፁ እየቀጠነ። «ዝም በል ያለችኝ እሷ ናት። እሷ ታውቃለች።»

«ውሸትህን ነው።»

«በእናታችን ሞት።»

አሥራ አንድ ዓመት «ግባ» እስኪባል የጠበቀ ሰው፣ ግባ ሳይባል የወጥ ቤቱን በር ከፍቶ ገባ።

እታለም ጠረጴዛው ላይ ድንች እየላጠች ነበር። አርጅታለች፤ መነጽሯ ክር ታስሮለታል። የበሰበሰው የወጥ ቤቱ የውስጥ ልባጥ ያኔ ተነቅሎ ሳይተካ ቀርቷል፤ ከጀርባዋ የሚታየው እርቃኑን የቀረ የውጭው ጣውላ ነው። ቀና ብላ አላየችውም።

«ጫማህን አልጠረግክም» አለችው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ተመልሶ ጠረገ። ከዚያ ርዝራዡን ከድንቹ ልጣጭ አጠገብ አስቀመጠው።

«ታውቂ ነበር?»

ቢላዋዋ አንድ ዙር ዞረ፣ ልጣጩ ሳይበጠስ። «ስረግምህ አላውቅም ነበር። ጣውላ ሊቀይር የመጣው አናጢ ነው በማግሥቱ የነገረኝ። ‹ከሥር የደፈነው ሰው ነው የገደለው› አለኝ።»

«በማግሥቱ።»

«በማግሥቱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አሰብኩት። ታናሽህ ሱቁን ሊከፍት አንድ ወር ቀርቶት ነበር። የእህቱን ቤት ካበሰበሰ ሰው ማን ማስቲሽ ይገዛል? አንተ ስም ነበረህ፣ ሙያ ነበረህ። አንድ ግድግዳ ምን ያደርግሃል አልኩ። አንተ ትችለዋለህ አልኩ።»

«ደጅሽን እንዳልረግጥ ማለትሽስ? እሱንም ስለምችለው ነው?»

ቢላዋው ቆመ። «እሱማ እኔ ስለማልችለው ነው። የበደሉትን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ እህል አይዋጥም። ሞክሬያለሁ። በርህ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

ቅርፊቴ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው፤ ማስቲሽ ያጣበቃቸው፣ የተሰነጣጠቁ። «እኔ እነዚህን ስጠረጥር ነው የኖርኩት፣ እታለም። የሌላ ሰው እጅ እንደያዝኩ አድርጌ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ለመጨበጥ አፍራለሁ።»

እታለም መነጽሯን አወለቀች። ለአፍታ ያህል የምታለቅስ መስሎት ነበር። ግን ወደ እሱ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ተቀመጥ። ምሳ ትበላለህ። ሰርጉም ላይ ፊት ወንበር ላይ ነው የማስቀምጥህ፣ ከአሁን በኋላ ከደጄ አትቀርም። ብቻ... ይሄን ነገር አሁን አታውጣው። ልጅቱን የሚድራት እሱ ነው። የሙሽራው ወገኖች ምን ይላሉ? እስከ ሰርጉ ብቻ። አንተ እኮ...»

«እችለዋለሁ» ብሎ ጨረሰላት።

«ይኸው ነዋ!» አለች እፎይ ብላ፤ እንደ ተስማማ ቆጥራው።

የተመኛት ቃል መጥታለች፤ ከነወንበሯ፣ ከነምሳዋ። ሊቀመጥ ግን ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። ርዝራዡን አነሳና ወጣ።

ቀለም ቀቢዋ አጥሩ ሥር ቆማለች፤ ዘጠኝ ተኩል የለም። ፊቱን አይታ ቀልዷን ዋጠች። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፣ ጋሼ።»

«ፈረሱን እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አላት። «ያሳደገችኝ ደግሞ እሷ።»

«ዕቃዎን ይሰብስቡ እንሂድ። እኔም አልቀባላቸውም።»

እሱ ግን ግድግዳውን አየ። ግማሹ ተከፍቷል፤ ግማሹ እንደታፈነ ነው። ጣውላዎቹ ምን አደረጉ? ባልዲውን እየገፋ ወደ ወጥ ቤቱ በኩል ሄደ። ያኔ የተቀየሩት አራቱ ጣውላዎች እዚያ ናቸው፤ እነሱንም ያው ጣት ከሥር ደፍኗቸዋል። አናጢው የነገራትን ነገር እንኳ ከቁም ነገር አልጣፉትም። ሙቀት ሰጠ፤ ሰነጠቀ፤ ሳበ። በዚያ በኩል ልባጥ ስለሌለ ማስቲሹ ሲወጣ ከውስጥ ብርሃን ብልጭ አለ። ከብርሃኑ ጋር ድምፅ መጣ።

«ተቆጣ?» ዘጠኝ ተኩል ነው፤ በኋላ በር ገብቷል ማለት ነው።

«ትንሽ ከፍቶታል፤ ይረሳዋል» አለች እታለም። ድንቹ እንደገና እየተላጠ ነው። «እሱ ምን ቂም ያውቃል? ስማው እስቲ፣ ሥራውን እንኳ ጥሎ አልሄደም። እየፋቀ ነው።»

«እኔማ ይጮኻል ብዬ ፈርቼ ነበር።»

በር ተከፈተ፤ የልጅቱ ጫማ ቋ ቋ አለ። «እማዬ፣ አጎቴ ምን ሆኖ ነው? ሰላም ስለው እንኳ አልሰማኝም።»

ቅርፊቴ መሮውን ከግድግዳው አነሳ። አሁን ትነግራት ይሆናል። ለሰፈሩ ባትናገር፣ ለልጇ እንኳ።

«ምንም አልሆነም» አለች እታለም። «ያኔ ያበላሸውን ግድግዳ ሲያየው ጸጸት ይዞት ነው። ተይው፣ አትጠይቂው፤ ታሳፍሪዋለሽ።»

«እኔም ልል ነበር» አለ ዘጠኝ ተኩል። «የሆነው ሆኗል።»

ቅርፊቴ ጎንበስ አለ፤ ግንባሩ ጣውላውን እስኪነካ። አፉን ወደ ክፍተቱ አስጠጋ። አልጮኸም።

«እታለም» አለ፣ «እዚህ ውጭ እኮ ሰው አለ።»

የድንቹ ቢላዋ ቆመ። የልጅቱ ጫማም ቆመ።